ስልኩ ያልሰደባቸው ኩሊባሊዎች

ሲታን ኩሊባሊ አንዴ እንቢ ካለች አለቀ። በማሊዋ የወንዝ ዳር ከተማ በሴጉ ይህን የማያውቅ የለም፤ እናቷ እንኳ ታግላ ታግላ ትታታለች።

ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ከባልደረባዋ ከባኮሮባ ጋር ድርጅት ከፍተው የመጀመሪያ አፓቸውን ይሠሩ ነበር። የትኛው ጀልባ መቼ እንደሚነሳ ለገበያ ሴቶች በባምባራ ቋንቋ የሚናገርና ቦታ የሚይዝ። ኮዱ የባኮሮባ፣ ድምፁ የእሷ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ሴቶቹ ሰሙና ስልኩን መለሱላት። "ይሄ ምን ያለ ባለጌ ነው? እንዴት አደርሽ እንኳ አይልም" አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ሰላም ለማይል ሰው ማን ዕቃውን ያምናል? ሲታን እንደገና ቀዳችው። አሁን ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ ይጠይቃል፣ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ ከዚያ እንደ ስሙ ይሳደባል። እኛ ጋ ጎሳ ለጎሳ ሲሰዳደብ ነው የኖረው፤ ኬይታ ኩሊባሊን "ቦሎቄ በላ" ይለዋል፣ ኩሊባሊም ያንኑ ይመልሳል፣ የሚቀየም ካለ ያልታደለ ያልተቀጣ እሱ ነው።

"ኬይታ ነሽ? ጀልባው ቦሎቄ በላ አይጭንም፣ እየዋኘሽ ነይ" ይላል ስልኩ፤ ከዚያ ቦታ ይይዝላታል። ሴቶቹ ሳቁ፣ ስልኩንም መልሰው ሰደቡት።

ሁሉ በፈረንሳይኛው "ሙሴ" እያለ የሚጠራው ላሳና ኬይታ ግን አልሳቀም። የድርጅቱን ወጪ የሚሸፍነው እሱ ነው። ከዋና ከተማው ከባማኮ መጥቶ ክራቫቱን ሳያላላ አዳመጠ።

"ደንበኛ የሚሰድብ አፕ? ስድቡ ይውጣ። ካልወጣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የለሁበትም።"

"አይወጣም፣ ሙሴ" አለች ሲታን።

ባኮሮባ ክንዷን ጎተታት። "አንቺ ሴትዮ፣ ሊዘጋብን ነው እኮ። እሺ በያቸው።"

"ይዘጋ። ባለጌ ስልክ ይዤ ወንዙ ዳር አልቆምም።"

"እንግዲያው ወንዙ ዳር እንየዋ" አለ ኬይታ። ወረዱ።

መጀመሪያ የመጣችው ደረቅ ዓሣ ሻጯ እማማ ናና ናት። "ኩሊባሊ" አለች ለስልኩ። ስልኩም፣ "እንኳን ደህና መጡ፣ ክብርት እናቴ" አላት።

ፊቷ ጠቆረ። "ምን በደልኩት? እንደ ባዕድ የሚያከብረኝ ለምንድነው?" ከኋላዋ የተሰለፉት ኩሊባሊዎችም ማጉረምረም ጀመሩ።

ሲታን ስህተቷ ገባት። ሁሉንም የቀዳችው እሷ ናት፤ ኩሊባሊ ደግሞ ኩሊባሊን አይሰድብም። የራሷ ጎሳ ጋ ስትደርስ ክብር ሰጥታ አለፈች። የሴጉ ግማሹ ደግሞ ኩሊባሊ ነው።

"ይኸው፣ አልሠራም" አለ ኬይታ። "በቃ፣ ጨርሰናል።"

ደሟ ፈላ። "እርስዎ" ማለቱን እዚያው ተወችው።

"የጎደለው ያንተ አፍ ነው፣ አንተ ቦሎቄ በላ። ኬይታ ሆነህ ኩሊባሊ ፊትህ ቆማ ዝም ትላለህ? ወይስ ክራቫቱ አነቀህ?"

"ኬይታ ነው እንዴ?" አለች እማማ ናና። "ታዲያ አፉን ምን ይዘጋዋል? አሳዳጊ የለውም?"

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ቢቆጣ መሳቂያ ነው፣ ጥሎ ቢሄድም ያው። ሲታን ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ክራቫቱን ፈታ። "ስልኩን አምጪው" አለ። ወንዝ ውስጥ ሊወረውረው መስሏት ነበር፤ ቢሆንም ሰጠችው። ባኮሮባ ተሽቀዳድሞ መቅጃውን ከፈተለት።

ኬይታ አፉን አስጠጋ፤ የመጣለት የልጅነቱ ባምባራ ነበር። "ኩሊባሊ ነሽ? ቦሎቄሽን በልተሽ ከኋላ ተቀመጪ። ዛሬ ሞተሩ ተበላሽቷል፣ የሚገፋን ያንቺ ንፋስ ነው።"

እማማ ናና እስክትታነቅ ሳቀች። "አሁን ሰው ሆንክ" አለችው። "በል ቦታ ያዝልኝ፣ አንተ ሌባ።"

ኬይታ ስልኩን መለሰ። "እሺ፣ ስድቡ ይኑር" አለ።

"መጀመሪያስ አወጣዋለሁ ያለህ ማን ነበር?" አለችው ሲታን፣ ቀጣይዋን ሴት እየጠራች።