ከወተት ቤቱ ደጃፍ የሚያርፉ ሲጋራዎች

መጀመሪያ ያየሁት ድንጋዩን ነው። ቆቦ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት በር አጠገብ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። በላዩ ስድስት ሲጋራዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ገና ጫፉ የተለኮሰ፣ ሌላው እስከ ግማሹ የነደደ፣ አንዱ በጥርስ የተነከሰ፣ ሁሉም የጠፉ። ቆሜ ሳይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከቤቱ ወጣ። ከንፈሩ ላይ ያለውን ወተት ሳይጠርግ ከስድስቱ የራሱን ያለማመንታት አነሳና ለኩሶ ወደ መኪናው ሄደ። መስጊድ ደጃፍ የተደረደሩ ጫማዎች ትዝ አሉኝ። ሲጋራ ማንም ሳይነካው ጌታውን እንዲህ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለመምህርነት ቆቦ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ።

ቤቱ የኡሙሃኒ ነው። ከሮቢት በታች ከቆላው፣ ከከብት አርቢዎች ተወልዳ፣ ለአንድ የጨው ነጋዴ ተድራ ቆቦ መጣች። ባሏ ሲሞት የቀሯት ሁለት የወተት ቅሎች ነበሩ። እኔ ስደርስ ቅሎቹ ሃያ ሦስት ሆነዋል። ወተቱ በየማለዳው ከዘመዶቿ መንደር በአህያ ይመጣል። ኡሙሃኒ ቅሎቹን አጥባ በወይራ ጭስ ታጥናለች። በዚያ ሙቀት ያልታጠነ ቅል ውስጥ የገባ ወተት ቀትርን አያይም፤ የእሷ ግን እስከ ማታ ይቆያል። ከደሴ እስከ መቀሌ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል።

አፍንጫዋ ያስገርመኝ ነበር። አንድ ጠዋት የመጣላትን ቅል ከፍታ አሸተተችና መልሳ ለአምጪው ሰጠችው። መንገድ ላይ እያጨሰ እንደመጣ ሰውየው ራሱ አመነ። ሲጋራ የምትከለክለው ለዚህ ነው። ለሚጠይቃት ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ ወተት ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ አንዱ ያጨሰውን ሌላው ለምን ይጠጣዋል? ሾፌሮቹ በዚህ አይከራከሩም። ወታደሮችም ጠመንጃቸውን ይዘው ይገባሉ፤ ሲጋራቸውን ግን ድንጋዩ ላይ ያሳርፋሉ።

ያላሳረፈው ይሁኔ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ጠዋት የለኮሰው ሲጋራ እስኪተኛ የሚጠፋ አይመስልም፤ አንዱ ሌላውን ይለኩሳል። ንግግር መሃል ሐሳብ ሲያጣ ጭሱን ይስባል፤ ስለዚህ ብዙ ይስባል። አንድ ቀን እያጨሰ ገብቶ ተቀመጠ። ኡሙሃኒ የቀዳችለትን ብርጭቆ ከፊቱ አነሳችው።

«ጓድ ይሁኔ፣ ወተትህ ይጠብቅሃል። ሲጋራህን ድንጋዩ ላይ አሳርፈህ ና።»

በልጅነቱ ከእጇ አሬራ የጠጣ ሰው ነው፤ አንተ ትለዋለች። ቤቱ በሾፌር ተሞልቶ ነበር። ይሁኔ ተነስቶ ወጣ፤ ወተቱንም ሳይጠጣ ቀረ።

ከወር በኋላ ስለ ጤና ዘመቻ የሚያወሳ ደብዳቤ ከበላይ ደረሰ ተባለና የቀበሌው ነዋሪ ተሰበሰበ። አጀንዳው በሻይ ቤት፣ በምግብ ቤትና በመጠጥ ቤት ሲጋራ ይከልከል ወይስ አይከልከል የሚል ነው። ይሁኔ ስብሰባውን ግራ እጁን ለመፈክር አንስቶ ከፈተ፤ በቀኙ ሲጋራ ይዟል። ስለ ሲጋራ ጉዳት ሲያስረዳ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ያስሉ ነበር። ከተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑ እዚያው የታየው ይኸው የሲጋራ ጉዳት ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ ክርክሩን ሁሉ ጽፌዋለሁ። ጠጅ ሻጯ አስረሳሽ፣ በአንድ እጁ ብርሌ የያዘ ጠጪ ሌላው እጁ ባዶ ከሆነ ጠብ ይፈልጋል፣ ቤቴን ሊያፈርሱብኝ ነው ብላ ተቃወመች። አንድ ባለሱቅ ደግሞ፣ ሲጋራውን የሚያቀርብልን መንግሥት ነው፣ መከልከሉ የመንግሥትን ዕቃ መቃወም አይሆንም ወይ ሲል ጠየቀ። ይሁኔ ረጅም ጊዜ ሳበ። በመጨረሻ፣ መግዛት አልተከለከለም አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለምን እንዳጨበጨበ እስካሁን አይገባኝም፤ ቀትር ስለተቃረበ ይመስለኛል።

ኡሙሃኒን ለአርአያነት ተነሺ አሏት። ተነሳች፤ እኔ የከለከልኩት የቤቴን ነው፣ የሰው ቤት ምን አገባኝ ብላ ተቀመጠች።

ውሳኔውን የማርቀቅ ዕጣ በኔ ላይ ወደቀ። ይሁኔ ሲጋራ የሚለውን ቃል ጠባብ ነው አለው፤ የትንባሆ ጋያውም፣ ሌላውም እንዲገባበት ሰፋ አድርገህ ጻፍ አለኝ። ማስፋት ደግሞ የምወደው ሥራ ነበር። «በቀበሌያችን የምግብና የመጠጥ ቤቶች፣ በግቢያቸውም ጭምር፣ ጭስ የተባለ ሁሉ፣ ከምንም ይነሳ ከምን፣ የሠርቶ አደሩን ሳንባ እንዳይነካ ተከልክሏል።» አስረሳሽ ወጥ በምን ልሠራ ነው ብትል፣ ለማብሰያ ከሚነድ እሳት በቀር የሚል ጨመርኩ። ሳነበው ይሁኔ ወደ ኡሙሃኒ አይቶ ፈገግ አለ። የኔ ዓረፍተ ነገር ያስደሰተው መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የቀበሌው ጥበቃ ጋሹ ከሁለት ጓዶቹ ጋር ኡሙሃኒ ግቢ ገባ። እሷ ወይራውን አጭሳ ቅሎቹን በላዩ ደፍታለች። ጋሹ ውሳኔውን አውጥቶ እየተንተባተበ አነበበላት። ማጠን ማብሰል አይደለም፤ ስለዚህ ክልክል ነው። ዳግመኛ ጭስ ከታየ ቤቱ ይታሸጋል። ወይራውን ውሃ አፈሰሱበት።

ያን ሳምንት የኡሙሃኒ ወተት ከቀትር በፊት ይበላሽ ጀመር። ሾፌሮቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ ሁለተኛ ቀምሰው፣ በሦስተኛው ሳይቆሙ አለፉ። አስረሳሽ ቤት ግን መጋረጃ ተሰቅሎ ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሰው ከሰው አይተያይም። አንድ ማታ የሚከራይ ክፍል ልጠይቅ ገብቼ በዚያ የሲጋራ ጭጋግ ውስጥ የይሁኔን ድምፅ ሰማሁ፤ ስለ ዘመቻው ውጤት ለሁለት እንግዶች ያብራራ ነበር።

ኡሙሃኒ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችና ወረቀቱን አንብብልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። ድምፄ መሃል ላይ ዝቅ አለ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

አልተቆጣችም። አንድ መስመር ጨምርበት፣ የወተት ዕቃ ማጠን አይከለከልም በል፣ ሌላ አልፈልግም አለችኝ። እሺ ብዬ በዚያው ወደ ይሁኔ ሄድኩ። መስመሩን ለመፈረም አንድ ነገር ጠየቀ፤ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቤቷ ገብቶ፣ እያጨሰ ወተት ልትቀዳለት። ይህን ለእሷ ማድረሴ አሁንም ያሳፍረኛል። እሷ ግን፣ ይምጣ አለች።

መጣ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሳይቆሙ ያልፉ የነበሩትም ሾፌሮች ወሬውን ሰምተው ቆመዋል። ይሁኔ ከመሃል ተቀምጦ ለኮሰ፤ ጭሱን ወደ ጣሪያው ለቀቀው። ኡሙሃኒ በትልቁ ብርጭቆ እስከ አፉ ቀድታ አስቀመጠችለት። አንዴ ጎንጨት አለና ፊቱ ተኮማተረ። ወተቱ ተበላሽቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በውሳኔው መሠረት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለችው። አንድም ቀን ሊቀመንበር ብላው አታውቅም ነበር። «ጭስ ያልነካው ነው።»

በድረዲን የሚባል ሾፌር፣ ከጥግ ሆኖ፣ ለአብዮቱ ጨርሰው እንጂ ጓድ፣ አለ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ብርጭቆውን ያያል። ይሁኔ ቢተወው ውሳኔው ጥፋት መሆኑን ማመኑ ነው። ስለዚህ ጠጣው፤ እስከ ታች። የሰው ልጅ ለወንበሩ ሲል ምን እንደሚጠጣ ያን ቀን አይቼ ተደነቅኩ። አፉን ጠርጎ ወጣ፤ መስመሩንም አልፈረመም። ሳቁ የተነሳው እሱ በሩን ካለፈ በኋላ ነው። ኡሙሃኒ አልሳቀችም፤ ብርጭቆውን በአመድ እያጠበች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት አህያ ጭና አገኘኋት። ሃያ ሦስቱ ቅሎች በገመድ ተያይዘው በአህዮቹ ጎን ተንጠልጥለዋል። ሮቢት ልትገባ ነው። ሮቢት መኪና ይቆማል፤ የኛ ቀበሌ ውሳኔም እዚያ አይደርስም። ሾፌሮቹ ቀድመው ሰምተዋል።  

ሌላ ወረቀት ልጽፍላት፣ ለበላይ አቤት ልልላት እንደምችል ነገርኳት። የመጨረሻውን ቋጠሮ እያጠበቀች ሰማችኝ።

«መምህር፣ አንተ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።»

በስድብ አልነበረም የተናገረችው፤ ለአህያ ነጂ ገመዱን ላላ አድርግ እንደሚባለው ነው። ዓይኔ በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ አረፈ። ማንም አልጫነውም።

«ድንጋዩን ረሱት፣ እትዬ» አልኳት።

«ድንጋይ ሮቢትም አለ» አለችና የፊተኛዋን አህያ ነካች። ቅሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ፣ እሷ ዞር ብላ ሳታይ፣ የአስፋልቱን ዳር ይዛ ወደ ታች ወረደች።