የወልደኪዳን ጆሮ

ወልደኪዳን ጎረቤላ ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። በሚሠራበት የአውሮፕላን ጥገና ቤት እንደ እሱ አሉሚኒየም የሚወድ ሰው የለም። አሉሚኒየም ሐቀኛ ነው ይላል፤ ሲመታ ይሰረጎዳል፣ ቁስሉን አይደብቅም። የተጎዳውን ቆርጦ፣ በልኩ ለጥፎ፣ በሪቬት ምስማር ጠርቅሞ ሲጨርስ ዞሮ ዞሮ ያየዋል። የሪቬት መምቻው ጩኸት ግን ራስ ይበጠብጣል። ጆሮህን ሸፍን ሲሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ኖረ፤ መሸፈኛው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ አረጀ።

ኋላ አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች መጡ። አካላቸው ሙጫ ጠጥቶ፣ ተደራርቦ የደረቀ የካርቦን ጨርቅ ነው። ይህ ደግሞ ክፉ አመል አለው፤ የዕቃ መጫኛ መኪና ሲገጨው ላዩ ደህና መስሎ ውስጥ ውስጡን ይላቀቃል። ስለዚህ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ያዳምጡታል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ይታፈናል። ከዚያ ነው የተበላሸውን ፍቀው፣ አዲስ ጨርቅ ደራርበው፣ በሙቀት የሚያደርቁት። ወልደኪዳን የዚህን ማዳመጥ ፈተና ካላለፈ አዲሶቹን አውሮፕላኖች አይነካም፤ ፈተናው ደግሞ ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ የካርቦን መለማመጃ ቁራጭ ይዞ እንደ ወትሮው ለእረፍት ደብረ ብርሃን ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ሥርጉት ለገበያ የምታወጣውን ብርድ ልብስ ስታጣጥፍ እሱ ጥግ ይዞ ያንኳኳል። ቢመታው ቢመታው ለእሱ ያው ነው። ሥርጉት ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ አሁን የመታኸው ቦታ ድምፁ ታፈነ አለችው። እሱ ማንኳኳቱን ቀጠለ። ደገመችለት፤ አሁንም ያንኳኳል። ዞራ ብታየው ቁራጩ ላይ እንዳጎነበሰ ነው።

ቀርባ ትከሻውን ነካችው። "ወልዴ፣ ጀርባዬን ስሰጥህ አትሰማኝም?"

ጨክኖ መዋሸት አቃተው። ለሥራው ብቻ ሰግቶ አልነበረም የደበቃት፤ አረጀ እንዳትለው ነው።

"አፍሽን እያየሁ ነው እሺ የምልሽ" አላት።

ለዓመታት ኩርፊያ የመሰላት ዝምታ ሁሉ ትዝ አላት። ቢሆንም አልሳሳችለትም።

"ሰው ለሚሳፈርበት ነገር ያልሰማኸውን ሰማሁ ብለህ ትፈርማለህ?"

"አልፈርምም።"

ሰኞ ከፈተናው በፊት ለአስተማሪው እውነቱን ተናገረ። አለቆቹም ወደ ድሮዎቹ የአሉሚኒየም አውሮፕላኖች መለሱት፤ ጆሮውንም እንዲታከም ላኩት። ከፍቶታል፣ ያን ዕለት ምሳም አልበላ።

በሳምንቱ ቤቱ ሲገባ ሥርጉት ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ጠበቀችው። እንደተቀመጠ፣ ሳይሰማ ያለፈውን የስንት ዓመት ወሬ አንድ በአንድ ጀመረችለት።