በገዛ ቤታችን ጓሮ

ባለፈው ወር የአንዲት ባልደረባዬ ልጅ ሠርግ ላይ ተጠርቼ አትላስ አካባቢ ወዳለ ሆቴል ስገባ፣ ገና አዳራሹ ሳልደርስ የወለል ሰም ሽታ ተቀበለኝ። አዲስ የተቀባ፣ በደንብ ያልደረቀ፣ ትንሽ ጋዝ ጋዝ የሚል ሽታ ነው። የልጅነቱን ሽታ ድንገት ያገኘ ሰው ሆዱ ይባባል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ሙሽሮቹ እየገቡ፣ ሰዉ እልል እያለ፣ አርባዎቹን ያጋመስኩ ሴትዮ ጥርሴን ነክሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ሆቴል ጀርባ፣ በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ አባቴ የሠራው ቤት ነበረን። አባቴ ታደሰ የአንድ የመንግሥት ብረታ ብረት ፋብሪካ የብየዳ ክፍል ኃላፊ ነበር። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ማኅበር ገብቶ ባገኘው ቦታ ላይ፣ እሑድ እሑድ ብቻ እየሠራ፣ ቤቱን በአራት ዓመት ጨረሰው። የመስኮቶቹን ፍርግርግ፣ የግቢውን በር፣ የበረንዳውን መደገፊያ በገዛ እጁ በየዳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ የሳሎኑን የጣውላ ወለል ሰም ስትቀባ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሚኪ እግራችን ላይ አሮጌ ሹራብ ጠቅልለን ከግድግዳ ግድግዳ እየተንሸራተትን እናብሰዋለን። ሥራ እያሠራችን መሆኑ የገባን ካደግን በኋላ ነው። አባቴ ዕድሜውን ማሽን መሃል ያሳለፈ ሰው በመሆኑ ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም ነበር። ወጡ ጨው አነሰው ሲል እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

ደርግ ወድቆ ሁለት ሦስት ዓመት እንዳለፈ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ አዋቂዎቹ ሁሉ አፍ ላይ አንድ ቃል ገባ፤ ነጻ ገበያ። በሬዲዮ ነጻ ገበያ፣ በታክሲ ነጻ ገበያ፣ የወሎው ሰው ጋሽ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይም ነጻ ገበያ። እኔ ነጻ ማለት ያለ ክፍያ ማለት መስሎኝ፣ እናቴ ሾላ ገበያ ይዛኝ ስትሄድ እዚያ ያየሁትን ቀይ ጫማ ይዤ ወደ ቤት ልመለስ ስል ነጋዴዋ እጄን ያዘችኝ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቤት ገብታ ለአባቴ ስትነግረው እሱም ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አባቴ ደብዳቤ ተሰጠው። ደብዳቤውን ያነበብኩት እናቴ የልብስ ሳጥን ውስጥ ደብቃው አግኝቼ ነው። ፋብሪካው በአዲስ መልክ ስለሚደራጅ እርስዎ ትርፍ የሰው ኃይል ሆነው ተገኝተዋል ይላል። ትርፍ! ጋሽ ሰይድ ሱቅ ውስጥ ትርፍ ማለት ሰው የሚደሰትበት ነገር ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ግን ሃያ ዓመት ብረት ሲያቀልጥ ዓይኑ የተቃጠለው አባቴ ማለት ሆነ። ያንን ቃል የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬም ባገኘው የምለውን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ሰይድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ብቻውን አልነበረም፤ በየሳምንቱ አንድ የተቀነሰ ሰው እየተጨመረ ወንበሩ ጠበበ። ጋሽ ሰይድ፣ ድሮ ስኳር ስትመጣ ሰልፉ አስፋልት ይደርስ ነበር፣ አሁን ስኳሩ በኩንታል ተደርድሮ የሚጠይቀው የለም እያለ ያዝናል። ሰዉ የሚገዛው ሩብ ሩብ ነው፤ ሳሙና እንኳ በቢላ እየተቆረጠ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ባንክ ቤት የሚሠሩት የወለጋው ጎረቤታችን አቶ ቶለሳ ከሥራ ሲመለሱ ጎራ ይሉና፣ ክራቫታቸውን እያላሉ ነገሩን ያስረዳሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ በየማታው ጸሎታቸው የእኛን ቤት እንደሚያነሱ ሚስታቸው ለእናቴ ነግራታለች። አንድ ቀን ግን ኢኮኖሚው ታሞ ስለነበር እየታከመ ነው፣ መርፌ መጀመሪያ ያማል፣ በኋላ ይሻላል አሉ።

አባቴ ቀና ብሎ አያቸውና፣ "አቶ ቶለሳ፣ የተወጋሁት እኔ ነኝ፤ የሚድነው ማነው?" አላቸው።

ጋሽ ሰይድ ሚዛኑን መወልወል ያዘ።

ፋብሪካው የሰጠው ካሳ የገና በዓል ሳይደርስ አለቀ። በዚያን ጊዜ ቦሌ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደርገውን እኛም አደረግን፤ ትልቁን ቤት አከራይተን ጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ገባን። ሁለት ክፍል ናት፤ አንደኛዋ ማድ ቤት ነበረች። እናቴ ቤቱን ከማስረከቧ በፊት ወለሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሰም ቀባችው። እኔና ሚኪ እግራችንን ልንጠቀልል ስንል፣ "ተዉ፣ ትጭሩታላችሁ" አለችን፤ ተንበርክካም ብቻዋን አበሰችው።

ተከራያችን አቶ ዮናስ የሚባል፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሽክ ያለ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ኪራዩን ቀን አያሳልፍም፣ ሰላምታ አያጓድልም። ግን አባቴ ልጁ ሊሆን ለሚችል ሰው "እርስዎ" ማለት ጀመረ፤ እሱ ደግሞ አባቴን "ጋሼ" ብሎ ጠርቶ "አንተ" ይለዋል። ሣሩ ላይ መጫወት ተከለከልን። ኮኩ ሲበስል መቅጠፍ ተከለከልን፤ ዛፉን አባቴ የተከለው እኔ የተወለድኩ ዓመት ነው። ሳቅ ከበዛ እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች። አባቴም፣ ጨው ሲያንሰው እንኳ ሰፈር ይሰማው የነበረው ሰው፣ ማንሾካሾክ ተማረ።

አንድ የነሐሴ ቅዳሜ አቶ ዮናስ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ምሳ ጠራ። የእሱ ዘበኛ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር በሩ ላይ ሰው የለም። ዝናቡ ይወርዳል። አንድ መኪና ደጋግሞ ጡሩምባ ሲነፋ አባቴ የፋብሪካ ቱታውን እንደለበሰ፣ ራሱ ላይ ላስቲክ ጣል አድርጎ ሮጠና ከፈተለት። እኔ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ሰውየው የመኪናውን መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ብር አወጣና፣ "ያዝ፣ ሻይ ጠጣበት" አለው።

አባቴ እጁን ይሰበስባል ብዬ ጠበቅሁ። በሁለት እጁ ተቀበለው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ።

አቶ ዮናስ በረንዳው ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ አይቷል። "የቤቱ ባለቤት ናቸው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። አላለም። እንግዳውን አቅፎ ሳመውና አስገባው። ወዲያው ሳህን ሲንኳኳ፣ ከዚያም ያ ባለመኪና ሲናገር ተሰማኝ። የተቀነሱ ሠራተኞችን ጉዳይ ነበር የሚያወሩት፤ ሰዉ ከመንግሥት ጡት መላቀቅ አለበት፣ ሥራ መፍጠር ይልመድ፣ መጠበቅ በዝቷል ይላል። ሌሎቹ በአዎንታ ያጉረመርማሉ፤ ወጥ ይጨመራል።

እግሬ ጭቃ እንደሆነ ሣሩን አቋርጬ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ሁሉም ዞር አሉ።

"በር የከፈተላችሁ ሰውዬ ዘበኛ አይደለም" አልኩ። "አባቴ ነው። ቤቱም የእሱ ነው።"

ባለመኪናው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አቶ ዮናስ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ "ሂጂ፣ እናትሽ እየጠራችሽ ነው" አለኝ። እናቴ አልጠራችኝም ነበር።

አባቴ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመታኝም። የረጠበውን ላስቲክ አጣጥፎ ጨርሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማን ጠየቀሽ?" አለኝ። "እሱ ተቀይሞ ቢወጣ ነገ ምን እንደምንበላ ታውቂያለሽ?"

በማግስቱ እናቴ ፀጉሬን አበጥራ፣ እጄን ይዛ፣ ወስዳ የትልቁ ቤት ዋና በር ላይ አቆመችኝ። እኔም አቶ ዮናስን ይቅርታ ጠየቅሁ። እሱ ራሴን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ቸኮሌት ሰጠኝ። ቸኮሌቱን ከአጥር ውጪ ወረወርኩት፤ ሚኪ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቦይ ለቦይ ሲፈልግ ውሎ አገኘውና ለብቻው በላው። የዚያ ልጅ ደስታ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ይቅርታዬ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እውነት ተናግሬ፣ እውነቱን መልሼ እንድውጠው የተደረግሁት ለዳቦ ነው፤ ያስደረጉኝም ከማንም በላይ የሚወዱኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። በቀጭን ክራቫት ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጠው ያንን ዘመን "አስፈላጊ ሽግግር" የሚሉ ሰዎች ይህን የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ እንደሚያስገቡት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከሦስት ዓመት በኋላ አቶ ዮናስ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ የራሱን ቤት ሠርቶ ወጣ። አባቴም በዚያው ሰሞን ከጋሽ ሰይድ ሱቅ አጠገብ አንዲት ጠባብ የብየዳ ቤት ከፍቶ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ግንባታ ስለተጀመረ ሥራ አላጣም። አቶ ቶለሳ፣ ያልኩት አልቀረም፣ ይኸው ተሻለ እያሉ ደስ አላቸው። እኔ፣ ሚኪና እናቴ ዕቃችንን ተሸክመን ወደ ትልቁ ቤት ገባን። ሣሩ ላይ ተንከባለልን፤ እስኪያመን ኮክ በላን።

አባቴ ግን አልጋውን ከሰርቪሷ አላወጣም። መጀመሪያ፣ ቱታዬ ቅባት ነው፣ ቤት አቆሽሻለሁ አለ። ቀጥሎ፣ እዚያ ለምጄዋለሁ አለ። እናቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አንድ ሰሞን አኮረፈችው፤ በመጨረሻ ተወችው። ለምሳና ለእራት ይመጣል። ፊት ለፊት ያለውን፣ ራሱ ልክ ወስዶ ያሠራውን በር ትቶ በጓሮ በኩል ይመጣል፤ ጫማውን ያወልቃል፣ ከዚያ ያንኳኳል።

"ታደሰ፣ የገዛ ቤትህ ነው፤ ግባ እንጂ" ትለዋለች እናቴ ከውስጥ።

አይገባም። እስኪሞት ድረስ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። የወር ደሞዙን ሌላ ሥራ ተካው፤ ቤቱም ተመለሰልን፤ ኢኮኖሚውም፣ እንደሚሉት፣ ዳነ። በሩ ክፍት በሆነ ቀን እንኳ አባቴ በቀስታ ሁለቴ ያንኳኳና፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ በካልሲው ሲሚንቶው ላይ ቆሞ፣ ከእኛ አንዳችን መጥተን ግባ እስክንለው ይጠብቅ ነበር።