በገብርኤል ቀን የጠበቅኩት የከሰል ምድጃ

ቤታችን ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በእኛ ሰፈር ማሳው ግማሹ ጤፍ፣ ግማሹ ዲከረንስ የምንለው ቶሎ የሚያድግ የፈረንጅ ግራር ነው። ዛፉን ቆርጠን ከሰል እናደርገዋለን። ከሰል ደግሞ ጥደውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። እንጨቱ መሬት ላይ ይደረደራል፣ ገለባና ቅጠል ይለብሳል፣ ከላይ አፈር ይጫንበታል፣ ከዚያ ይለኮሳል። ምድጃ የምንለው ይህንን ነው። እስኪከስል ድረስ ቀንም ሌሊትም ሰው ይፈልጋል። አፈሩ ከተሰነጠቀ ነፋስ ይገባል፤ ነፋስ ከገባ ከሰሉ አመድ ይሆናል፣ እሳቱም ወደ ውጭ ይወጣል።

ያን ዓመት ምድጃችንን የለኮስነው የታኅሣሥ ገብርኤል ሊነግሥ ሲል ነው። ከሰሉን የሚገዛን ነጋዴ አይሱዙውን ይዞ የሚመጣበትን ቀን ቆርጦ ስለነገረን በዓሉ እስኪያልፍ መጠበቅ አልቻልንም። ቦታውም አስቸጋሪ ነበር፤ የዛፍ መሬታችን ከጎረቤታችን አውድማ ጋር ይዋሰናል። ጎረቤታችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። የዓመት ቀለባቸው አውድማው ላይ የቆመው፣ ገና ያልተወቃው የጤፍ ክምር ነው። ሌላ ምንም የላቸውም። እንጨቱን ስንደረድር መጥተው አጥሩን ተደግፈው ባሌን ጠየቁት።

«እሳቱ አይደርስብኝም ወይ፣ ልጄ?»

«ምን ሆነው ነው እትዬ? እኔ አለሁ!» አላቸው።

እኔ ይህን ቃል የምሰማው እንደ መሐላ ነው። «እኔ አለሁ» ያለ ሰው መኖር አለበት።

በዋዜማው ባሌ ልጃችን ታሞ ሳለ የተሳለውን ዥንጥላ ከላስቲኩ አውጥቶ ያገላብጣል። ነገ ሁላችንም ንግሥ እንሄዳለን አለኝ።

«ምድጃውስ?»

«ምን ይሆናል? ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ ገብርኤል አንድ የከሰል ምድጃ መጠበቅ ያቅተዋል?»

የቀኑ መታሰቢያ ራሱ ይኸው አይደል፣ መልአኩ ሦስቱን ልጆች ከሚነደው እቶን ያወጣበት። ስለዚህ በእኛ ሰፈር በገብርኤል ቀን እሳት ሰው አይጎዳም ይባላል። የነደደ ምድጃ ትቶ መሄድ እንደ እምነት ይቆጠራል፤ ለመጠበቅ የቀረ ሰው ተጠራጣሪ ነው።

«ሠለስቱ ደቂቅ እቶኑን ራሳቸው አልለኮሱትም፤ የእኛን የለኮስነው እኛው ነን» አልኩት።

ሳቀ። «አንቺ ምላስሽ! እንግዲያ ቅሪ። ሰው ሲጠይቀኝ ከሰል ከገብርኤል በለጠባት እላለሁ።»

ቢሆንም ቀረሁ።

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ባሌም ልጆቹን ይዞ ሄደ። በደጄ የሚያልፉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡብኝ። ጎረቤታችን «አትመጪም እንዴ?» ሲሉኝ «ጥቂት ቆይቼ እደርሳለሁ» አልኳቸው። እውነትም ተስፋ ነበረኝ፤ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ነበር። ከዚያ ሰው ጭር አለ፤ ከሸለቆው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ብቻ ይሰማኛል።

ጭሱ ነጭና ወፍራም ነበር፤ ገና ነው ማለት ነው። ሲደርስ ቀጭን ሰማያዊ ይሆንና ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዙሪያውን እየዞርኩ ስንጥቁን በአካፋ እደፍናለሁ። ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። መጀመሪያ ነጠላዬን ብቻ ነበር ያወዛወዘው፤ ቀጥሎ ጭሱን ወደ አውድማው አጋደመው።

«ገብርኤል፣ ዛሬ ቀንህ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

በክምሩ በኩል ያለው ጎን ተሰነጠቀ። ዓይኔ እያየ ሰፋ፤ ውስጡ ቀላ። በእጄ ያለውን አፈር ሁሉ ጨመርኩበት፣ አልበቃም። ሌላ አፈር መቆፈር ነበረበት። ዶማው አጥሩ ላይ ተደግፏል። በገብርኤል ቀን ዶማ ያነሣ እጁ ይደርቃል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ቢሆን በዚህ አልስቅም። እጄን አየሁት። ከዚያ ክምሩን አየሁት።

«ይድረቅ!» አልኩና አነሣሁት።

ባሌ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች ሴትዮዋ። «ገብርኤል የእጅሽን ይስጥሽ!» ብዬ ስልኩን ወረወርኩት፤ እሷ ምን አደረገች!

ቆፈርኩ፣ ጫንኩ፣ ደግሞ ቆፈርኩ። ስንጥቁ ወደ ጫፉ ሮጠ፤ ከታች ሆኜ አልደርስበትም። ምድጃ ላይ መውጣት ሞት ነው፤ ውስጡ እየተቦረቦረ ስለሚሄድ ሰው ይውጣል። መሰላል ጎትቼ አጋደምኩበት፣ በሆዴ ተኛሁበት፣ አፈሩን በእጄ እገፋ ጀመር። ሙቀቱ ደረቴን ይጋግረዋል። ልወርድ ስል ግራ እግሬ ተንሸራቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? እግሬን መንጭቄ ሳወጣው በቀዳዳው ነበልባል ተከትሎኝ ወጣ፣ ነፋሱ ፍሙን አንሥቶ እስከ አውድማው የተዘረጋው የታጨደ ማሳ ላይ ረጨው።

ምድጃውን ተውኩት። ከሰሉ ይንደድ! ማሳው ላይ በቀረው ደረቅ ገለባ ውስጥ እሳቱ እንደ አይጥ እየሮጠ ነው፣ በቀጥታ ወደ ክምሩ። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችው ውሃ ለዚያ አትበቃም። ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፌ ውሃውን ሁሉ አፈሰስኩበትና በእሱ እመታ ጀመር። እየመታሁ እሳደባለሁ፤ ነፋሱን፣ ባሌን፣ አይሱዙውን። መሃል ላይ በስመ አብ እላለሁ፣ ደግሞ እሳደባለሁ። አንዱን ስመታ ሌላው በጎኔ ያልፋል። ልተወው ስል ያቺ የልጅ ልጃቸው ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ክረምቱን ምን ልትበላ ነው? ሮጬ ቀደምኩት፣ ክምሩን ከጀርባዬ አድርጌ መታሁ፣ መታሁ፣ መታሁ። ጠፋ።

መቀመጥ አማረኝ፤ አልተቀመጥኩም። እያነከስኩ ወደ ምድጃው ተመለስኩ። ግማሹ አመድ ሆኗል። የቀረውን ደፈንኩት።

ከንግሡ ከሁሉ ቀድመው የተመለሱት ጎረቤታችን ናቸው። ፊቴ ጥላሸት፣ ነጠላዬ ቡትቶ፣ እጄ ላይ ዶማ።

«ውይ በሞትኩት! በገብርኤል ቀን ትቆፍሪያለሽ? ምን ጉድ ነው?»

ዞር ሲሉ ራሳቸው አዩት፤ የጠቆረው መሬት ከምድጃችን ተነሥቶ፣ ሄዶ ሄዶ፣ ክምራቸው ሥር ቆሟል። ቀስ ብለው ሄደው ክምሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በአዊኛ መናገር ጀመሩ። እኔ የጫግኒ ልጅ ነኝ፣ አዊኛዬ ሙሉ አይደለም፤ ምርቃት መሆኑን ግን ለየሁ። ተመልሰው መጥተው በራሳቸው ነጠላ እግሬን አሰሩልኝ።

ባሌ ጠበል በጠርሙስ ይዞ፣ እንግዳ አስከትሎ መጣ። ምድጃው እየጨሰ፣ ክምሩም እንደቆመ ከሩቅ ሲያይ «አላልኩም? ገብርኤል ጠበቀ!» አለ ለሰው ሁሉ።

«እሱስ ጠበቀ! አንተ የት ነበርክ? ለእኚህ ሴትዮ እኔ አለሁ ያልከው የትኛው አንተ ነህ?»

ባሌ እግሬን አየ፣ የተቃጠለውን ማሳ አየ። ጠርሙሱን ለጎረቤታችን አቀበለና አካፋውን አንሥቶ፣ ከነበዓል ልብሱ ምድጃው አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። ከሰሉ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ አልተነሣም።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ሰምተው ሲያበቁ ስግደት ሰጡኝ።

«ለቆፈርኩት ነው፣ አባ?»

«ለእሱስ አይደለም። ባልሽን በሰው ፊት ላዋረድሽው ነው።»

ሰገድኩ። መጸጸቱን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አልሆነልኝም።

በዓመቱ ነጋዴው ያንኑ ሰሞን ቀጠረን። ከዚያው መሬት የቀረውን ዛፍ ቆርጠን ምድጃውን ያው ቦታ ለኮስነው። በንግሡ ጠዋት አካፋውን ፍለጋ ወጣሁ። አካፋው የለም። ባሌ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ አካፋውን ተመርኩዞ ምድጃው ዳር ቆሟል። ጀሪካኖቹ ሞልተዋል። ልጆቹ ለባብሰው በር ላይ ይጠብቁኛል።

«ሂጂ» አለኝ። «እኔ አለሁ።»

ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከጎረቤታችን ጎን ቆምኩ። ካህናቱ ያዜማሉ፤ ጆሮዬ እዚያ፣ ዓይኔ ሸለቆው ማዶ። ረፋዱ ላይ ያው ነፋስ ተነሣና የሴቱን ሁሉ ነጠላ አወዛወዘ። ማዶው በጭስ ተሸፈነ፤ ምኑም አይለይም። ይኼኔ ጠላ ሊጠጣ ገብቷል አልኩ በሆዴ። የእግሬ ጠባሳ ይለበልበኝ ጀመር። ሰው እየገፋሁ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ፣ እሳቸውም ተከተሉኝ። ልሩጥ? ከዚህ ሮጬ የት እደርሳለሁ?

ነፋሱ ጋብ አለ። ጭሱ ታየ፤ ቀጭን፣ ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ።

እልል አልኩ።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አሉኝ ጎረቤታችን በክርናቸው ጎሸም አድርገውኝ። «ታቦቱ ገና አልወጣም እኮ!»

በጣቴ አሳየኋቸው። አውድማቸው ላይ ክምሩ ቆሟል፤ ከጭሱ ሥር አንድ ነጭ ነጥብ ወዲህ ወዲያ ይላል። ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፣ አዩና ከእኔ አስበልጠው እልል አሉ።