መስቀል የሌለው ደብዳቤ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ከፊታቸው እንበረከካለሁ፤ ሐሜት አምቻለሁ እላለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ እላለሁ፣ ከጎረቤት ተጣልቻለሁ እላለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ሄደ! የንስሐ አባቱን የዋሸ ሰው ለማን እውነት ሊናገር ነው? እናንተ አታውቁኝም። ለማያውቀኝ ሰው መናገር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ይኸው ብዕሩን እያነሣሁ ሳስቀምጥ ዋልኩ።

ስሜ ዘነበች ነው፤ የቢቸና ሰው ነኝ። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ይወላገዳልና ታገሡኝ። ነገሩን ከሥሩ ከመጀመሬ በፊት የሠራሁትን ልናገር፤ ኋላ በወሬ መካከል እንዳልሸሸው። አንዲት ልጅ የአባቷን ስም ፈልጋ መጣች። የአባቷ ደብዳቤ በእጇ ነበር። ደብዳቤው የእሱ መሆኑን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የእሱ አይደለም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

አባቷ ጋሽ ምንውዬለት ነው። በካሴት ጊዜ የእሱ ማሲንቆ ያልተሰማበት ሰርግ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ኖሮ ኖሮ ሲታመም ወደ አገሩ ተመለሰና ከግቢዬ አንዲት ክፍል ተከራየ። እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ አንዲት ሴት ልጅ የማሳድግ ሴት ነበርኩ። ሁለት ዓመት አበሰልኩለት፣ አጠብኩለት። ሰው ከሉማሜም ከግንደወይንም፣ ከአዲስ አበባም ሳይቀር እየመጣ ፈርምልኝ ይለዋል። ማሲንቆውን ይዞ የተነሣው፣ ብዙ ያሳተመው ፎቶ ነበረው፤ ከዚያ ያወጣና ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት ግን ሁልጊዜ ከወረቀቱ ራስ ላይ ትንሽ መስቀል ያደርጋል። ወደ ዘፈኑ ከመኮብለሉ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ያ ልማድ አልለቀቀውም። «ዘፈኑንስ ሰይጣን ወሰደው፤ ጽሕፈቴ እንኳ ለእግዜር ይቅር» እያለ ይስቅ ነበር።

ልጄ ያን ጊዜ አሥር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከሥሩ አትጠፋም። እሱ ሲፈርም እያየች እሷ በእንጨት መሬት ላይ ፊርማውን ትስላለች፤ አንድ ዓይነት! «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስሞት አንቺ ትፈርሚልኛለሽ» ይላት ነበር። እንስቅ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። የልጄን ስም እዚህ አልጽፍም። የሚያውቀኝ ያውቃታል፤ ለማያውቀኝ ምን ያደርግለታል?

ሊሞት ወር ሲቀረው ወረቀት አምጪልኝ አለኝ። ትሪ ከጭኑ ላይ አድርጌ፣ እንዳይንሸራተት በሁለት እጄ ይዤለት ጻፈ። ሲጨርስ አነበበልኝ። ሞጣ ላይ እናኑ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ የአብራኬ ክፋይ ናት፣ በስሜ ትጠራ ይላል። ቤተሰቦቹ አያውቁም ነበር። እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁ። ወረቀቱን ሳየው ራሱ ባዶ ነው። ብዕሩን ወደዚያ አነሣና አየር ላይ ያዘው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«መስቀሉስ ጋሼ?»

«ለዚህስ በምን ፊቴ፣ ዘነቡ? ሰባት ዓመት የደበቅኳትን ልጅ ዛሬ በመስቀል ላሽሞንሙናት?»

አራት አጠፍኩትና ከሻሼ ሥር ሸጎጥኩት፤ በማግሥቱ ሞጣ ወረድኩ። የልጅቱን እናት አገኘኋት፤ ሰጠኋት። ልጅቱ ደጃፉ ላይ ሽንብራ እሸት እየፈለቀቀች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ የእሱ ናቸው። እናቷ ወረቀቱን ስትዘረጋው አንዱ ጥግ ቅቤ ጠጥቶ ኖሯል፤ ራሴን ተቀብቼ ነበርና። አፈርኩ። እናቲቱ ግን «ግድ የለሽም፣ ስሙ አልጠፋም» አለችኝ። ይችን ቃል እንኳ ያን ቀን ብረሳት ምን ነበረበት?

ጋሽ ምንውዬለት አረፈ፤ ቀበርነው። ያልተፈረመባቸው ፎቶዎች እኔ ዘንድ ቀሩ።

ልጄ አደገች፤ አሥረኛ ክፍል ላይ ወደቀች። ዓረብ አገር ካልሄድኩ አለች። ያን ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ከዓረብ አገር በሳጥን መጥታ ነበር። ሳጥኑ ሲወርድ አይቻለሁ፤ እናቷ «ክፈቱልኝ» እያለች ስትለምን ሰምቻለሁ፤ አልከፈቱላትም። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ልጄ ፓስፖርት ባለች ቁጥር ወሬ አስለውጣት ነበር። ይህን ለማመካኛ አላመጣሁትም፤ የሆነው ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

በኋላ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ጋሼ በእጁ ፈርሞ ለኛ የሰጠንን አንድ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። አዲስ አበባ ያለ ቢኒያም የሚባል ልጅ ጻፈላት። ሥራው እሱ ነው፤ የዘፋኞችንና የሯጮችን ፊርማ ፌስቡክ ላይ ለጨረታ ያወጣል፤ ሰው ከሥሩ እየተበላለጠ ዋጋ ይጽፋል፤ ሰዓቱ ሲዘጋ የበለጠው ይወስዳል። ገዢው አብዛኛው ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። ያንን ሸጠውና «ሌላ አለ?» አላት።

ፎቶው ነበር፤ ፊርማው አልነበረም። ልጄ አየችኝ። «እማ፣ ጋሼ ራሱ አንቺ ትፈርሚልኛለሽ ብሎኝ የለ?» አለች፤ እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ምን አልኩ? ተይ አልኳት? ብዕሩን ያቀበልኳት እኔ ነኝ። እሷማ ልጅ ናት፣ ረስታው ልትፈርም ስትል «መስቀሉን አስቀድሚ እንጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። መስቀሉን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

ገዢ መጠራጠር ሲጀምር ቢኒያም እስከ ቢቸና መጣ። «ማዘር፣ ሰው ኦሪጅናል ለመሆኑ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ» ብሎ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነ። ነጠላዬን አስተካክዬ ፎቶውን ይዤ ተናገርኩ። ሁለት ዓመት አብሬው ነበርኩ አልኩ፤ እውነት ነው። ይህ የእጁ ጽሕፈት ነው አልኩ፤ ውሸት ነው። እዚህ ላይ ባቆም ምናለ! ማንም ሳይጠይቀኝ፣ አዋቂ ልምሰል ብዬ፣ አንድ ጨመርኩ፤ «መስቀል ከሌለው የእሱ አይደለም፤ የጋሽ ምንውዬለት ነው ቢሏችሁ አትመኑ።» ቢኒያም ስልኩን አወረደና «ማዘር ይችላሉ እኮ! ይችን አላስጠናሁዎትም» አለኝ። ደስ አለኝ። ይኸውላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ፎቶ በወጣ ቁጥር ያ እየተናገርኩ የተቀረጽኩት ምስል አብሮ ይወጣል። ልጄ የዓረብ አገርን ነገር ተወችው። እኔም እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ።

የሰባት ዓመት ተዝካሩ ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ አያ ገበየሁ ዳስ ጣሉ፤ እኔ ወጥ አውጪ ነበርኩ። ሰው በልቶ ካህናቱ ከተነሡ በኋላ አንዲት ልጅ የተማሪ ልብስ ለብሳ፣ ፌስታል ይዛ ወደ ዳሱ ገባች። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ብቻዋን ነች። ዓይኗን ሳይ አወቅኳት።

ከሞጣ ነው የመጣሁ አለች። እናቷ ሞታለች። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ስትመዘገብ በአያቷ ስም ነው የተጻፈችው፤ ይስተካከልልኝ ብትል ዘመድ አምጪ አሏት። «ሌላ አልፈልግም። መሬትም አልል፣ ቤትም አልል። ስሙን ብቻ ነው» ብላ ደብዳቤውን ከፌስታሉ አወጣች።

አንዱ ከወደ ኋላ «ዘፋኝ ሲሞት ልጁ ይበዛል!» አለ፤ ሰው ሳቀ። አያ ገበየሁ ግን አልሳቁም። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አንብበው ወረቀቱን አገላበጡት። ኋላ የልጃቸውን ስልክ ተቀብለው ከፈቱ፤ ያችን ምስሌን ለእንግዳ ሁሉ ማሳየት ይወዱ ነበር። የገዛ ድምፄ ዳሱን ሞላው። «መስቀል ከሌለው የእሱ አይደለም።»

«ዘነበች፣ እስቲ ነይ» አሉኝ። «የእጁ ጽሕፈት ነው?»

እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ወረቀቱን ያዝኩ። አራት ያጠፍኩት እጥፋት እንዳለ ነው። ጥጉ ላይ ቅቤው አለ፤ የኔ የራሴ ቅቤ፣ ቢጫ ሆኖ። ቀና ስል ልጄ ከዳሱ ምሰሶ ጋር ተጣብቃ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ይህ እውነት ነው ካልኩ ምስሉ ላይ ያልኩት ውሸት ሊሆን ነው፣ ገዢ ሊነሣ ነው፣ ፖሊስ ልጄን ሊወስድብኝ ነው አልኩ በልቤ።

«መስቀል የለውም» አልኩ።

ልጅቱ ወደኔ ዞረች። «እናቴ ግን ዘነበች የምትባል ሴት ናት ያመጣችው ብላኛለች። እርስዎ አይደሉም እንዴ እትዬ?»

«ዘነበች በቢቸናም በሞጣም ሞልቷል፣ ልጄ» አልኳት።

ሰው ሳቀ። ልጄ አልኳት ደግሞ! ያን ቀን ከተናገርኩት ሁሉ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፤ እየካድኳት ልጄ አልኳት። ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ዶሮ ጮኸለትና አለቀሰ። ለኔ የጮኸልኝ የለም፤ ወደ ወጤ ተመለስኩ።

አያ ገበየሁ «የሟች ስም መጫወቻ አይደለም» ብለው ደብዳቤውን ቀደዱና ከድስቱ ሥር እሳቱ ላይ ጣሉት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የቅቤው ጥግ ነው ቀድሞ የነደደው። ልጅቱ አላለቀሰችም። እሳቱን አይታ፣ እኔን አይታ፣ ባዶ ፌስታሏን አጣጥፋ ወጣች። እህል ቅመሽ ያላት የለም። ወጥ አውጪዋ እኔ ነበርኩ፤ እኔም አላልኳት።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚብሰውን ስሙኝ። በማግሥቱ ድስት ሳጥብ ነው የገባኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ መስቀሉን ሳያደርግ አይቻለሁ፤ እኔው ነኝ ይዤ የሄድኩት» ብል ኖሮ ማን ፎቶዎቹን ይጠረጥር ነበር? ማንም! ፎቶዎቹ ላይማ መስቀሉ አለ። ልጄ ምንም አትሆንም ነበር፤ እናኑም ስሟን ይዛ ትሄድ ነበር። ውሸቱ አላስፈለገኝም ነበር። ለልጄ ብዬ ነው እንዳልል እንኳ ለልጄ የጠቀማት ነገር የለም። እንግዲህ ለምን አደረግኩት? ያ ድምፅ የኔ ስለሆነ ነው? ሰው ሁሉ አዋቂ ናት ብሎ ስላየኝ? ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ግን ፍርሃት ብቻ ነበር? አላውቅም። እየጠየቅኩ አረጃለሁ።

ያን ቀን ተነሥቼ ሞጣ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ዓመት ዓመትን ወለደ። ልጄ ካገባች በኋላ ሄድኩ። ሽንብራ ስትፈለቅቅበት የነበረውን ደጃፍ አገኘሁት፤ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ጎረቤቲቱ ከደጅ ሳታስገባኝ ነገረችኝ። «እናኑ? እሷማ ዕድሜ አስጨምራ ዓረብ አገር ሄደች። ፓስፖርቱንም በአያቷ ስም ነው ያወጣችው።» አድራሻዋን ብጠይቅ፣ «ማን ያውቃል እቴ! መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ አሁን ድምጿም የለ» አለችኝ። የጎረቤቴ ሳጥን በዓይኔ መጣብኝ። ልጄን ከዓረብ አገር አስቀራለሁ ብዬ በእሷ ፈንታ የሰው ልጅ ላክሁ።

አያ ገበየሁ ሞተዋል። ደብዳቤው አመድ ነው። ዛሬ ገበያ መካከል ቆሜ ብጮህ ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ እሷን ማን ይጠራታል፣ በየትኛው ስም? ልጄን ላወራት ብሞክር «እማ፣ ያለፈ አልፏል፤ ልጅ አለኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ልጅ አላት። የልጅ ልጄ ልደት ወረቀት ላይ የአባቷ ስም በደማቁ ተጽፏል። ሳየው ዓይኔን አዞራለሁ።

ያ ምስሌ ግን አልጠፋም። ሰው እየተቀባበለ ያየዋል። በቀደም ሻይ ቤት በር ሳልፍ ሰማሁት፤ የገዛ ድምፄ አትመኑ ይላል።

ይቅር በሉኝ ልላችሁ ነበር የተነሣሁት። ደግሞ ሳስበው ይቅር የምትለኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም የት እንዳለች፣ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ስለዚህ አልላችሁም። ወደ ልጄ የምትመጡ ከሆነ ግን ወደኔ ኑ፤ ብዕሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

የዚህን ወረቀት ራስ ባዶ ተውኩት። ብዕሩን አንሥቼ ነበር፤ በምን ፊቴ? ከእጃችሁ ከገባ መስቀል የለውም ብላችሁ የእሷ አይደለም አትበሉ። ዘነበች ብዙ ናት አትበሉ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።