«ባዶ ቦታ» ያልኩት ሜዳ

ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ አንድ ሜዳ አለ። ለአዲስ ተማሪዎች የከተማ ፕላን ሳስተምር ሁልጊዜ ከእሱ እጀምራለሁ። ያጠበብኩት እኔ ነኝና።

ረዳት መምህር ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር በሚያማክሩት የሰፈር ማሻሻያ ሥራ ላይ እንዳግዛቸው ጠሩኝ። የእኔ ድርሻ ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ ላይ ይዞታዎችን በቀለም መለየት ነበር፤ መኖሪያው ቢጫ፣ ሱቁ ቀይ፣ ምንም ያልተሠራበት ነጭ። ነጩ ላይ አዲስ ሕንፃ ይታቀዳል። ሥርዓት እወዳለሁ፤ ቀለሜ ከመስመር አይወጣም። ሜዳውን ነጭ አድርጌ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍኩበት።

ፕሮፌሰሩ ካርታውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ባዶ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ፎቶው ላይ ምንም የለም፣ ፕሮፌሰር።»

«ሂድና ቁጭ ብለህ እየው። ሰው ጠይቅ። ከዚያ እንልከዋለን።»

ሄድኩ፤ ግን አልተቀመጥኩም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ዙሪያውን በሜትር ለካሁ፤ በማስታወሻዬ ላይ «አቧራ፣ ጥቂት ድንጋዮች» ብዬ ጻፍኩና ተመለስኩ። ፕሮፌሰሩ ከከተማ ወጥተው ነበር። ጎበዝ ለመባል ቸኩዬ ካርታውን ከቀነ ቀጠሮው በፊት፣ ማኅተም አድርጌ፣ ላስጠናው መሥሪያ ቤት ላክሁት።

በሳምንቱ የመንገዱን ተዳፋት ልለካ ስመለስ ሜዳው ላይ የሐዘን ድንኳን ተተክሏል። ጋቢ የለበሱ አዛውንት ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ የእድሩ ዳኛ ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ እኛን ልትለካ ነው?» አሉኝ። ለካ ያኔም አይተውኝ ኖሯል።

«መንገዱን ነው፣ አባባ። እግዜር ያጥናችሁ።»

«አሜን። ግባ፣ ቁጭ በል።»

ከመግባቴ በፊት ከድንኳኑ ውጭ መሬት ላይ የነበረ ድንጋይ አነሱና አሳዩኝ። ከሥሩ ክንድ የሚያስገባ ክብ ጉድጓድ አለ።

«የምሰሶ ነው። ዛሬ ትንሹን ድንኳን ስለተከልን ይኼኛው አላስፈለገም። ሰው ሲሞትብን መሬት ስንቆፍር እንዳንውል አባቶቻችን ቆፍረው ትተውልናል። ሐዘኑ ሲያበቃ በድንጋይ እንደፍነዋለን።»

የቀሩትን ድንጋዮች አየኋቸው። በእኩል ርቀት፣ በቀጥታ መስመር ተደርድረዋል። መስመር የምወድ ሰው ያንን አላየሁም ነበር።

ለፕሮፌሰሩ ስነግራቸው ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮታቸውን ለበሱ። መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ኃላፊው ካርታዬን ዘረጋው።

«ፕሮፌሰር፣ ባዶ ነው ያላችሁት እናንተ። ማኅተማችሁ ይኸው።»

«ተሳስተናል» አሉ። «ተሳስቷል» አላሉም።

ስንመለስ እስከ ጳውሎስ አብረን ታክሲ ያዝን። እዚያ ሲደርሱ፣ «ክፍል ውስጥ የተሳሳትከውን በላጲስ ታጠፋዋለህ። ይኼኛው ላይ ግን ሰው ይኖርበታል» አሉኝና ወረዱ።

ብዙ ተመላለሱ፤ ብዙ ደብዳቤ ጻፉ። የተረፈው ግማሹ ነው። በሌላው ግማሽ ላይ ዛሬ ሕንፃ ቆሟል፤ ትልቁ ድንኳን ከዚያ ወዲህ አልተዘረጋም፤ ቦታው ለአንድ ትንሽ ድንኳን ብቻ ይበቃል።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ዳኛውን አገኘኋቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አልነገርኳቸውም ነበር።

«አባባ፣ ካርታው ላይ ባዶ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን። ወረዳው ለጥፎት አንብበነዋል። ሜትር ይዞ የዞረ ሌላ ማን ነበር?»

ሕንፃውን ቀና ብለው አዩና፣ «ምን ይደረግ፤ እንግዲህ በወረፋ እንሞታለን» አሉ።

ተማሪዎቼ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ለማሳየት ያነሳሁት ድንጋይ እጄ ላይ ነበር።

«መልሰው» አሉኝ፣ «የሰው እግር ይገባል።»

ተንበርክኬ መለስኩት።