አልችልም ያለ ሰው

ኅሩይ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በዙሪክ ክሎተን አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ምግብ ሲያሰናዳ ኖሯል። ከሥራ ሲመለስ አልትሽቴተን ሰፈር ባለው ቤቱ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የጦርነት ታሪክ ያነብ ነበር፤ አሁንም ያነባል። ሌላው ሰው ጀግና ሲወድ እሱ የወደደው የተሸነፈ ሰው ነው፤ ኤልፊንስተን የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል። ዋተርሎ ላይ ተዋግቶ ስም ያተረፈው ይህ ሰው፣ በስተርጅና ሪህ ከአልጋ ጥሎት ሳለ ካቡል ያለውን ጦር እዘዝ ተባለ። አልችልም ቢልም ሰሚ አላገኘም። ከተማው ሲያምፅበት ያገኘውን ሁሉ እያማከረ፣ ጠዋት የወሰነውን ማታ እየሻረ ከረመ፤ በመጨረሻ ሠራዊቱንና ጓዙን ይዞ በበረዶ ወጣ። ሺዎች በየሸለቆው አለቁ። እሱም ተማርኮ እዚያው ሞተ።

ሚስቱ የሻረግ ይህን ታሪክ እስኪሰለቻት ሰምታዋለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ባልዋን መጠርጠር ጀምራለች። ይረሳል። ምድጃ አብርቶ ይወጣል፤ ብትጠይቀው "ሆን ብዬ ነው" ይላታል። እየደበቃት ይሁን ወይስ እውነትም ረስቶ፣ መለየት አቃታት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው ጄኔራሉን ያነሳባታል።

የዙሪክና የጄኔቫ ሐበሾች እድር አዲስ ሊቀመንበር ሊመርጥ ጄኔቫ አጠገብ ካሩዥ ሲሰበሰብ አብረው ሄዱ። ጸሐፊው ተሻገር በር ላይ ኅሩይን አቅፎ ጉንጩን አገላብጦ ሳመው። ይህ ሁሉ ፍቅር የሻረግን አልጣማትም። ስብሰባው ከመከፈቱ ተሻገር ተነሥቶ ኅሩይን ጠቆመ። ተሻገር የፈለገው እሱ ያለውን ሁሉ እሺ የሚል ሽማግሌ ነው ብላ የሻረግ ደመደመች።

"አልችልም፤ ያመኛል" አለ ኅሩይ።

አዳራሹ ፈገግ አለ። ማን ነው በመጀመሪያ ጥሪ እሺ የሚል? ሹመት እንደ ጉርሻ ነው፤ እምቢ ይባላል፣ ይለመናል፣ ከዚያ ይጎረሳል።

"ጋሽ ኅሩይ፣ ትሕትናዎን እናውቃለን" አለች የእድሩ ገንዘብ ያዥ ሲፈን።

እንደገና እምቢ አለ። ሲቸግረው የጄኔራሉን ታሪክ ተረከላቸው፤ አልችልም ያለን ሰው በግድ መሾም ምን እንደሚያመጣ። ጭራሽ አባሰው። "ይህን ያህል ያነበበ ሰው ካልመራን ማን ይምራን?" አለ ተሻገር፤ ጭብጨባው ቀለጠ።

የሻረግ ባልዋን አየችው። መውጫውን በዓይኑ ይፈልጋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እሷም ብትሆን እምቢ የሚለው ለመለመን ነው ብላ ጠርጥራው ነበርና በራሷ አፈረች። እሺ ካለ ነገ ሰው ሲሞት ለቤተሰብ የሚያረዳው፣ አስከሬን አገር ቤት የሚያስልከው እሱ ነው። ይሳሳታል፤ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ባልዋ መሳቂያ ይሆናል። ብትናገር ደግሞ ገመናውን አደባባይ ማውጣቷ ነው።

ተነሣች።

"ትሕትና አይደለም። ያመዋል። ባለፈው ወር ዕድሜውን ሙሉ በሠራበት ክሎተን መንገድ ጠፍቶት ሲዞር አግኝቼው፣ እጁን ይዤ ነው ቤት ያስገባሁት። እባካችሁ ተዉልኝ።"

ተሻገር አንገቱን ደፋ። "እትዬ የሻረግ፣ እኔ እኮ ጋሽ ኅሩይ ቤት ከሚውሉ ከሰው ይዋሉ ብዬ ነው" አለ። ያዘነ ይመስላል፤ እሷ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነችውም። ሲፈን እንደ ወጉ እምቢ ብላ፣ እንደ ወጉ ተለምና ተመረጠች።

የሚመለሱበት ባቡር ሎዛን ደረሰ። ኅሩይ ዞር ብሎ በጥርጣሬ አያት።

"ክሎተን መጥፋቴን ማን ነገረሽ? ሰው ታስከትይብኛለሽ እንዴ?"

የሻረግ እጁን ያዘች። "ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ ያመጣሁህ።"

"አትዋሺ" አለ እጁን ቀስ ብሎ እያስለቀቀ። "ያመጣችኝ አንዲት የማላውቃት ደግ ሴትዮ ናት።"